የኮሌጅ ግቢ ቁልፍ፣ ካርድና አሻራ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ ኮሌጆች ለሚሠሩ፣ ለሚያስተምሩና ለሚማሩ ሁሉ የተዘጋጀ ነው። የቢሮ፣ የላብ፣ የላይብረሪና የዶርም ቁልፍ ሲጠፋ፣ ሲበላሽ ወይም በካርድና በጣት አሻራ ሲተካ የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልሻለሁ። የየተቋሙ ቅጽና የሥራ ክፍል ስም ይለያይ ይሆናል፤ ሥራው ግን አንድ ነው፦ ይህን በር ዛሬ መክፈት የሚችለው ማን ማን እንደሆነ በስም ማወቅ፣ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ በማንኛውም ሰዓት መውጣት እንዲችል ማድረግ።

አዲስ ተቀጣሪ ነኝ። የቢሮዬን ቁልፍ ከማን ነው የምረከበው?

ከጠቅላላ አገልግሎት ወይም ቁልፍ እንዲይዝ ከተመደበው ክፍል፣ ፈርመው። ከእርስዎ በፊት ቢሮውን ይዞ ከነበረው ሰው እጅ ግን አይቀበሉ፤ ሰውየው የቱንም ያህል መልካም ቢሆን።

ችግሩ የሚመጣው እንዲህ ነው። አንድ መምህር ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ቁልፉን ለጓደኛው ይሰጣል። ጓደኛው የተሻለ ቢሮ ሲያገኝ ለአዲስ መጪ ያቀብላል። አዲሱ ሰው ለጽዳት ሠራተኛዋ እንዲቀልላት ብሎ አንድ ትርፍ ያስቀርጻል። ሁሉም ያደረጉት በቅንነት ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለው ግን የመጀመሪያው መምህር ስም ብቻ ነው። ፕሮጀክተር የጠፋ ዕለት የሚጠየቀው ለወራት ግቢውን ያልረገጠው ሰው ይሆናል፤ ጽዳት ሠራተኛዋም ስሟ የትም ሳይኖር ተጠርጣሪ ሆና ትቆማለች። መዝገብ የሚያስፈልገው ሌባ ለመያዝ ብቻ አይደለም። ንጹሕ ሰው ንጹሕ መሆኑን የሚያሳይበት ወረቀት ነው።

መዝገቡ ላይ የቁልፉ መለያ ቁጥር፣ የበሩ ቁጥር፣ የተረካቢው ሙሉ ስምና ፊርማ፣ የተረከበበት ቀንና የሚመለስበት ቀን ይሰፍራል። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ባዶ ይተወዋል። ለቋሚ ሠራተኛም ቢሆን የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ሰኔ 30 ይጻፍበት። ያን ሰሞን ቁልፉን ይዞ መጥቶ ማሳየትና እንደገና መፈረም ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁልፉ ላይ በሚንጠለጠለው ፕላስቲክ ላይ «ኬሚስትሪ ላብ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። ይቅር። ቁልፉ ባጃጅ ውስጥ ቢወድቅ ላገኘው ሰው የትኛውን በር እንደሚከፍት ይነግረዋል። «ሐ-14» ብቻ ይጻፍ፤ የትኛው በር እንደሆነ መዝገቡ ያውቀዋል።

ቁልፍ ጠፋብኝ። ሁለት ሦስት ቀን ፈልጌ ካጣሁት ላሳውቅ?

ዛሬውኑ ያሳውቁ። ኋላ የሸሚዝዎ ኪስ ውስጥ ቢያገኙት ማንም አይቀየምዎትም። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚመላለሰው ሚኒባስ ውስጥ ወድቆ ከሆነ ግን እርስዎ በሚፈልጉባቸው ቀናት በሩን የሚጠብቀው የለም።

የበሩ መቆለፊያ ሲሊንደር (ቁልፉ የሚገባበትና አብሮት የሚዞረው፣ ለብቻው የሚወጣ ክፍል) ያለው ከሆነ መላው ቁልፍ አይቀየርም፤ በሩም አይሰበርም። በበሩ ጠርዝ በኩል፣ ከሲሊንደሩ ትይዩ አንዲት ረጅም ብሎን አለች። እሷን መፍታት፣ ቁልፉን ከቶ በትንሹ ዞር ማድረግና ሲሊንደሩን ወደ ውጭ ስቦ በሌላ መተካት ነው። ቁልፉ ከነቅጂው ከጠፋ ደግሞ ሥራው የባለሙያ ይሆናል። ለዚህ ነው መጠባበቂያ ቁልፍ ሁልጊዜ በቁልፍ ክፍሉ መኖር ያለበት። ጥቂት ትርፍ ሲሊንደር በመጋዘን ያስቀመጠ ግቢ ሥራውን ከሰዓት ሳይደርስ ይጨርሰዋል። የወጣውም አይጣልም፤ ሌላ ሕንፃ ላይ ይገጠማል። የጠፋውን ቁልፍ ያገኘ ሰው ያን በር አያውቀውም። በጓጉንቸር የሚዘጋ በር ከሆነ ጓጉንቸሩ ራሱ ይለወጣል፤ አማራጭ የለውም።

ቅጣትን በተመለከተ፣ ቁልፍ የጠፋበትን ሰው ሁሉ ከደመወዙ የሚቆርጥ ተቋም የሚያተርፈው ዝምታ ነው። ሰው ይደብቃል፤ ደብቆም በጎን ያስቀርጻል። የመጀመሪያው ጊዜ ላይ በዕለቱ ላሳወቀ ሰው ከሲሊንደሩ ዋጋ በላይ ባይጠየቅ፣ ከተቻለም ምንም ባይጠየቅ ይሻላል። ቅጣቱ ለደበቀ ሰው ይሁን።

ፒያሳ ወርጄ ራሴ ባስቀርጽስ?

ቁልፍ ቀራጮቹ ሥራቸውን የሚያውቁ ባለሙያዎች ናቸው። ሆኖም የመጣላቸው ቁልፍ የማን እንደሆነ የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም፤ መጠየቅም ሥራቸው አይደለም። ቁልፍ ላይ «አይቀረጽም» ብሎ ማስመታትም ብዙ አይረዳም፤ ጽሑፍ መቅረጫውን አያቆመውም።

ከጥበቃው ሌላ የመካኒክ ምክንያትም አለ። ቅጂ ከቅጂ ሲቀረጽ የመቶኛ ሚሊሜትር ስህተት በላይ በላዩ ይደራረባል። ሦስተኛው ትውልድ ላይ ቁልፉ «ትንሽ ነቅነቅ ካላደረጉት» አይከፍትም። ነቅነቅ የተደረገ ሲሊንደር ደግሞ ውስጡ ይበላል፤ በመጨረሻ ዋናውንም ቁልፍ እምቢ ይላል። ትርፍ ካስፈለገዎት ቁልፍ ክፍሉ ካልተነካው ዋና ቁልፍ ያስቀርጽልዎትና ቁጥር ሰጥቶ ይመዝግብልዎት።

ማስተር ቁልፍ ለሁሉም ኃላፊ ለምን አይሰጥም?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ቅሬታ ያዘለ ነው፤ ማስተር፣ ማለትም የሕንፃውን በሮች ሁሉ የሚከፍተውን አንድ ቁልፍ፣ መያዝ የክብር ምልክት ተደርጎ ይታያልና። ስለዚህ አሠራሩን ማስረዳት ይሻላል። በሲሊንደር ውስጥ ትንንሽ ፒኖች አሉ። ማስተር ባለው ሕንፃ ውስጥ አንዳንዶቹ ፒኖች ለሁለት ይከፈላሉ፤ በዚህም ሲሊንደሩ በራሱ ቁልፍም በማስተሩም ይዞራል። ምቾቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ ሲሊንደሩ ማስተር ከሌለው ይልቅ ብዙ ዓይነት ቁልፍ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ማት ብሌዝ የተባለ አሜሪካዊ የደኅንነት ተመራማሪ፣ አንድ ተራ የክፍል ቁልፍና የዚያኑ ክፍል መቆለፊያ የያዘ ሰው የሕንፃውን ማስተር ደረጃ በደረጃ ሊደርስበት እንደሚችል በጽሑፍ አሳይቷል። ማስተር ቁልፍ በባሕርይው ድካም አለው ማለት ነው፤ በአሥር ሰው ኪስ ሲዞር ደግሞ ድካሙ አሥር እጥፍ ይሆናል። አንዱ ከጠፋ የሚቀየረው የሕንፃው ሲሊንደር በሙሉ ነው።

እኔ የምመክረው፣ ማስተሩ ከቁልፍ ክፍሉ አይውጣ። ለሌሊት አደጋ አንዱ በፖስታ ታሽጎ፣ በመክፈቻው ላይ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት በጥበቃ ኃላፊው ካዝና ይቀመጥ። የተከፈተ ዕለት ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን እንደከፈተው ይጻፍና ጠዋት በአዲስ ፖስታ ይታሸግ። ፖስታው በየፈረቃ ርክክቡ ላይ በዓይን መታየት አለበት።

ወደ ካርድና አሻራ ብንቀይር ይህ ሁሉ ጣጣ አያልቅም?

አንዱ ያልቃል፤ ሌላው ይመጣል። ካርድ ሲጠፋ ሲሊንደር መቀየር የለም፤ ቁጥሩን ከሲስተሙ መሰረዝ ይበቃል። ማን መቼ እንደገባም ይታወቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የለቀቀውን ሠራተኛ ካርድ የሚሰርዝ ሰው ከሌለ፣ ወረቀቱ መዝገብ ላይ የነበረው ዝርክርክነት ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ይቀጥላል። የወረቀት መዝገቡን በሥርዓት መያዝ ያልቻለ ግቢ መጀመሪያ እሱን ያስተካክል ባይ ነኝ።

ሁሉም በር ኤሌክትሮኒክ መሆን የለበትም። ብዙ ሰው የሚመላለስበት፣ ተጠቃሚው በየሴሚስተሩ የሚቀያየር በር ይጠቀማል፦ ኮምፒውተር ላብ፣ ሰርቨር ክፍል፣ የዶርም ዋና መግቢያ፣ የላይብረሪ ሠራተኞች መግቢያ። አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ቢሮ በተራ ቁልፍ ይቆይ። ገንዘቡ ለጥሩ ሲሊንደር ቢውል የበለጠ ይጠብቀዋል።

ካርዱ ባትሪ አለው? ለምንስ አንዱ ርካሽ ሌላው ውድ ሆነ?

ባትሪ የለውም። ፕላስቲኩ ውስጥ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ከትንሽ ቺፕ ጋር ተያይዟል። ካርዱ ወደ አንባቢው (በሩ አጠገብ ወዳለው ካርድ የሚያነብ መሣሪያ) ሲጠጋ አንባቢው ከሚያወጣው የሬዲዮ ሞገድ ኃይል ያገኝና ይመልስለታል።

የዋጋው ልዩነት ከመልሱ ይመጣል። በ125 ኪሎኸርትዝ የሚሠራው የተለመደው ርካሽ ካርድ ቁጥሩን ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል፤ በእጅ በሚያዝ ርካሽ መቅጃ በሰከንዶች ውስጥ ይገለበጣል። በ13.56 ሜጋኸርትዝ የሚሠሩት የተሻሉ ናቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ማይፌር ክላሲክ የተባለው ዓይነት ሚስጥራዊ ኮዱ እ.ኤ.አ. በ2008 በተመራማሪዎች ተፈትቷል፤ ገበያ ላይ ግን ዛሬም አለ። ማይፌር ዴስፋየር በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ያሉት፣ ኤኢኤስ የተባለውን ምስጠራ የሚጠቀሙት፣ አስተማማኝ ናቸው።

ጨረታ ከመውጣቱ በፊት አቅራቢውን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ አንባቢው የሚያነበው የካርዱን መለያ ቁጥር ብቻ ነው ወይስ በውስጡ በምስጠራ የተቆለፈውን መረጃ? «ቁጥሩን ብቻ» ካለ ውድ ካርድ መግዛት ትርጉም የለውም፤ ከርካሹ እኩል ይገለበጣል። ሁለተኛው የሚታየው የመቆጣጠሪያው ሳጥን ያለበት ቦታ ነው። በሩን የሚከፍተው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ከውጭ በኩል ግድግዳ ላይ በተለጠፈው መሣሪያ ውስጥ ከሆነ መሣሪያውን የነቀለ ሰው በሩን አገኘው ማለት ነው። ሳጥኑ ከውስጥ፣ ከፍ ብሎ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ።

መብራት ሲጠፋ በሩ ይከፈታል ወይስ ይዘጋል?

በመሣሪያው ዓይነት ይወሰናል፤ ይህን ሳያውቁ የገዙ ተቋማት አሉ። ማግኔት ቁልፍ የሚይዘው በኤሌክትሪክ ነው። የተለመደው መጠን 270 ኪሎ ገደማ በሚሆን ኃይል በሩን ጨምድዶ ይይዛል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ያለ ምንም ድምፅ ይለቃል። ሌላው ዓይነት በበሩ መቃን ላይ የሚገጠመው የኤሌክትሪክ መያዣ ነው። ይህ መብራት ሲጠፋ ተቆልፎ እንዲቀር ተደርጎ ሊመረጥ ይችላል፤ ከውስጥ ያለ ሰው ግን እጀታውን ተጭኖ ይወጣል። ለሰርቨር ክፍልና ለንብረት ክፍል ሁለተኛው ይሻላል። ሰው ለሚበዛበት መውጫ መብራት ሲጠፋ የሚለቀው ተገቢ ነው።

ባትሪውን እናስላ። ብዙውን ጊዜ የሚገጠመው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ነው። ማግኔቱ ግማሽ አምፔር አካባቢ ይስባል፤ አንባቢውና መቆጣጠሪያው ሲጨመሩ 0.8 ይሆናል ብንል በወረቀት ላይ ዘጠኝ ሰዓት ለመድረስ ጥቂት ይቀረዋል። ይህ አዲስ ባትሪ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ዕድሜው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። መብራት ቶሎ ቶሎ እየሄደ ከመጣ፣ ኮምቦልቻ ላይ እንደሚሆነው ሙቀት ባለበት ጠባብ ሳጥን ውስጥም ከተቀመጠ፣ ቀድሞ ይደክማል። ቅዳሜ ከሰዓት የጠፋ መብራት እሑድ ማታ ቢመጣ በሩ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት አድሯል።

ስለዚህ በወር አንድ ቀን ፊውዙን ዝቅ አድርጎ በሩ ለስንት ሰዓት እንደሚይዝ መለካት ያስፈልጋል። ሰዓቱ በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፍ። ቁጥሩ በየወሩ ሲወርድ ዓይን ያየዋል፤ ባትሪውም ከመሞቱ በፊት ይቀየራል። ጄኔሬተር ያለው ግቢ መስመሩ በር መቆጣጠሪያዎቹ ድረስ መሳቡን ያረጋግጥ፤ ብዙ ቦታ ጄኔሬተሩ ለአስተዳደር ሕንፃው ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ የሚዘጋ በር ሁሉ ተራ ቁልፍም ይኑረው፤ ያም ቁልፍ እንደማንኛውም ቁልፍ ይመዝገብ።

የዶርሙ በር ሌሊት ከውጭ በጓጉንቸር ይቆለፋል። ለተማሪዎቹ ደኅንነት አይደለም ወይ?

አይደለም። በዚህ ገጽ ካሉት መልሶች አንዱ ብቻ እንዲነበብ ቢባል ይህ እንዲነበብ እፈልጋለሁ።

ኬንያ ውስጥ፣ ማቻኮስ፣ ክያንጉሊ በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በመጋቢት 1993 ዓ.ም. ሌሊት በተማሪዎች ዶርም ላይ እሳት ተነሥቶ 67 ልጆች ሞቱ። ዶርሙ ሁለት በር ነበረው፤ አንዱ ተቆልፎ ነበር። መስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ ነበራቸው። ያን በር የቆለፈው ሰው ልጆቹን ለመጠበቅ ብሎ ይሆናል የቆለፈው።

የእኛ ዶርሞች ከዚህ የራቁ አይደሉም። የደሴ ብርድ በከበደ ጊዜ የኤሌክትሪክ ምድጃና የውሃ ማፍያ ሽቦ በየክፍሉ ተደብቆ እንደሚገባ ፕሮክተር ሁሉ ያውቃል። ከአንድ ሶኬት የብዙ ሰው ስልክ ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ሻማ ይበራል፤ ፍራሹ ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይጥላል። በዚህ ሰዓት ቁልፉ ያለው ዋናው በር፣ የጥበቃ ማማው ውስጥ ነው። ጥበቃው ሰምቶ፣ ቁልፉን ከሌሎቹ ቁልፎች ለይቶ፣ በጨለማ ሮጦ እስኪደርስ መጠበቅ አይቻልም።

በሴቶች ዶርም በኩል የሚነሳው ስጋት እውነተኛ ነው፤ ሰው ከውጭ እንዳይገባ መከልከል አለበት። ከውጭ መግባትን መከልከልና ከውስጥ መውጣትን መከልከል ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከውስጥ ሲገፉት የሚከፈት አግዳሚ ብረት ያለው፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ሁለቱንም ይመልሳል። ከውጭ እጀታ እንኳ የለውም፤ ከውስጥ አሥረኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በክርኑ ይከፍተዋል። ሲከፈት የሚጮህ ደወል ቢገጠምለት ያለ ፈቃድ የሚወጣም ይታወቃል። የተማሪዋን መውጣት በደወል መቆጣጠር እንጂ በጓጉንቸር መቆጣጠር አይገባም። የመስኮት ፍርግርግ ካለ በየክፍሉ ቢያንስ አንዱ ከውስጥ የሚከፈት ማጠፊያ ይኑረው።

ገንዘብ እስኪፈቀድ የሚባለውን አውቃለሁ። እስከዚያው ዛሬ ማታ ማድረግ የሚቻል አለ፦ ጓጉንቸሩ ይውለቅና በሩ ላይ ሰው ይመደብ። ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ባለሙያ በአንድ ቀን ይበይደዋል።

አሻራዬን ማሽኑ አያነበውም። ምን ላድርግ?

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ወርክሾፕ ውስጥ ከብረትና ከሲሚንቶ ጋር የሚውል ሰው የጣቱ መስመር ይሟሟል። የደሴ ጠዋት ብርድ ጣትን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ጣት ለብዙዎቹ ማሽኖች ደብዛዛ ነው። ለሠርግ ሂና የተቀቡ እጆችም አንዳንዴ አይነበቡም፤ በወሎ ይህ በየሳምንቱ የሚያጋጥም ነው። ሙሽራዋን «ሂናው እስኪለቅ ጠብቂ» ማለት መፍትሔ አይሆንም።

ምዝገባ ላይ ከሁለቱም እጅ ሁለት ሁለት ጣት ያስመዝግቡ፤ መስታወቱ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይወልወል። በማሽኑ ፊት ቆሞ ጣት ላይ መትፋት ለጤናም ለመስታወቱም አይበጅም፤ እፍ ብሎ ማሞቅ ይበቃል። ከዚያ በኋላም ካልሆነ ካርድ ይሰጥዎት። አሻራ ብቻ እንጂ ሌላ መንገድ የለም የሚል አሠራር በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩትን ለይቶ በር ላይ ያስቀራል።

አሻራዬ የት ነው የሚቀመጠው? የበሩ መዝገብስ ለአቴንዳንስ ይውላል?

አብዛኞቹ ማሽኖች የጣትዎን ፎቶ አያስቀምጡም፤ ከመስመሮቹ መጋጠሚያዎች የተሰላ ኮድ ነው የሚይዙት። ቢሆንም የግል መረጃዎ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ባዮሜትሪክ መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። ለምን እንደሚሰበሰብ፣ ማን እንደሚያየው፣ ሲለቁ መቼ እንደሚሰረዝ ምዝገባው ላይ ሊነገርዎት ይገባል። ካልተነገረዎት ይጠይቁ።

አቴንዳንሱን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር፦ ሁለቱ አይቀላቀሉ። የበሩ መዝገብ ከደመወዝ ጋር የተያያዘ ዕለት ሰው በሩን በድንጋይ ደግፎ ክፍት መተው፣ ካርዱን ለጓደኛው ሰጥቶ ማስነካት ይጀምራል። ያኔ ስርቆት ሲደርስ መዝገቡ የሚነግረን ውሸት ይሆናል።

ፋይዳ አለኝ። ለምን ሌላ ካርድና ሌላ አሻራ?

ፋይዳ ማንነትዎን ያረጋግጣል፤ በር የመክፈት ፈቃድ አይሰጥም። ለፋይዳ የሰጡት አሻራም ወደ ኮሌጁ ማሽን አይመጣም። ካርድ ሲወጣልዎት ማንነትዎን ለማሳየት ፋይዳውን ይዘው ይምጡ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ካርዴ ከሰዓት በኋላ እምቢ ብሎ ሌሊት ይከፍታል። ምን ሆኖ ነው?

መጀመሪያ የሚጣራው የሰዓት አሞላሉ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ብቻ ነው። «ከ2 እስከ 11 ሰዓት» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ባለሙያ እንዳለ 02:00 እና 11:00 ብሎ ከሞላው፣ በሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ይሠራል፤ ከዚያ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ይዘጋል። ትክክለኛው 08:00 እና 17:00 ነው።

የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። ሰኔ 30 የሚያበቃ ካርድ ማሽኑ ላይ በ6ኛው ወር በ30ኛው ቀን ከተሞላ፣ ያ ጁን 30 ነው፤ በእኛ ሰኔ 23። የተማሪው ካርድ ሳምንት ቀድሞ፣ ብዙ ጊዜ ፈተና ላይ እያለ፣ ይሞታል። ሰኔ 30 ማለት ጁላይ 7 ነው። ደብዳቤ የሚጽፈው ክፍል በሁለቱም አቆጣጠር ቀኑን፣ «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» ብሎም ሰዓቱን ቢጽፍ ይህ ሁሉ አይመጣም። የማሽኑ ሰዓት ራሱ ወደኋላ መቅረቱንም በየወሩ ማየት ነው፤ ባትሪው ደክሞ መብራት ሲጠፋ አንዳንዱ ወደ ፋብሪካ ቀኑ ይመለሳል።

ከኋላዬ የመጣን ሰው በር ይዤ ባስገባ ምን አለበት?

«ይግቡ» ማለት ባህላችን ነው፤ ፊቱ ላይ በር መዝጋት ይከብዳል። በላይብረሪው ዋና በር ይያዙለት። ሰርቨር ክፍል፣ ኬሚካል ክፍልና ዶርም ላይ ግን «ካርድዎን አንዴ ያስነኩልኝ» ማለት ነውር እንዳልሆነ አስቀድሞ መነገር አለበት። ዲኑ ራሳቸው ሲያስነኩ ከታዩ ሌላው አይከብደውም።

ቁልፉ አልዞር እያለ ያስቸግራል። ዘይት ላድርግበት?

ሲሊንደር ውስጥ የምግብ ዘይት አይግባ። ለጊዜው ያለሰልሳል፤ ከዚያ አቧራ ይሰበስብና ፒኖቹን ያጣብቃል። የእርሳስ እምብርት ፍቀው ዱቄቱን ቁልፉ ላይ ይንሰንሱና ደጋግመው ያስገቡ፣ ያውጡ። ከውጭ የሚንጠለጠል ጓጉንቸር በክረምት ስለሚዝግ ከዝናብ የሚከልል የጎማ ቁራጭ ይደረግለት።

ልመረቅ ነው (ወይም ልለቅ ነው)። ክሊራንስ ላይ ቁልፍ ለምን ይጠየቃል?

ቁልፉ በስምዎ እስካለ ድረስ ክፍሉ ውስጥ ለሚጠፋው ተጠያቂ ስለሚሆኑ። ሲመልሱ ከመዝገቡ ላይ በእርስዎ ፊት ይሰረዝ፤ ተረካቢው ይፈርምልዎት። ካርድና አሻራ ካለዎትም መሰረዛቸውን ይጠይቁ። ቁልፉን ለፕሮክተሩ «አስረክብልኝ» ብለው አውቶቡስ አይሳፈሩ።

መዝገብ የሚባል ነገር ጨርሶ የለንም። ከየት እንጀምር?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ብዙ ተቋማት ተዘርፈዋል፤ በሮች ተሰብረዋል፣ ወረቀቱም ቁልፉም ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ በተገኘው ጓጉንቸር እየተዘጋ የቆየ ግቢ መዝገብ ባይኖረው አያሳፍርም። መጀመር ግን ይቻላል፤ ብዙ ገንዘብም አይፈልግም።

ሁለት ሰው፣ አንድ ደብተርና ቀለም ይበቃል። ከቁልፍ ሳይሆን ከበር ይጀመር። በየሕንፃው እየዞሩ እያንዳንዱን በር ቁጥር መስጠት፣ ቁጥሩን በመቃኑ ላይኛ ጥግ መጻፍ፣ በምን እንደሚዘጋና ማን እንደሚጠቀምበት መመዝገብ። ከዚያ ለሠራተኛው ሁሉ ቀን ተቆርጦ በእጁ ያለውን ቁልፍ ይዞ እንዲመጣ ይጠራ። ማስታወቂያው ላይ ከየት እንዳመጡት ጥያቄ እንደማይኖር በግልጽ ይጻፍ፤ ካልሆነ ግማሹ እቤት ይቀራል። የትኛውንም በር የማይከፍት ቁልፍ በከረጢት ይከማቻል። አይጣል፤ ከወር በኋላ አንድ የተረሳ መጋዘን ይከፍት ይሆናል።

ሲሊንደር መቀየሩ በቅደም ተከተል ይሁን። የመጀመሪያው የኬሚካል መጋዘን ነው፤ ቀጥሎ ሬጅስትራርና ፋይናንስ፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ ቦርድ ያለባቸው ክፍሎች፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላቦች። በዚሁ ዙር የዶርሞቹ መውጫ በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ መከፈቱ አብሮ ይታይ፤ ያልተከፈተው በዚያው ሳምንት ይሠራ። የመምህራን ቢሮ በክረምቱ ዕረፍት፣ ግቢው ጸጥ ሲል፣ ሕንፃ በሕንፃ ይደርሳል።